ጠብቆ የተነበበው «ይበራል»

አማቱ፣ የሙሽሪት እናት፣ ልጃቸውን የዳሩት ለአብራሪ ነበር። ቢያንስ እሳቸው የሚያውቁት እንደዚያ ነው። የሙሽራው አጎት የጻፈው ደብዳቤ «ልጃችን የአየር ኃይል ሰው ነው፤ ጠባዩ የታረመ፣ መጠጥ የማይቀምስ፤ አውሮፕላን ያበራል» ይል ነበር። አማቱ ደብዳቤውን ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያነቡ የመጨረሻዋን ቃል ረገጥ አድርገው፣ አፋቸውን ሞልተው ነው ያነበቧት። አጎትየው ግን ቃል ቆጣቢ ስለሆነ እንጂ ሊል የፈለገው ሌላ ነው። ልጁ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የሚያበራው መብራት ነው።

ነገሩ የታወቀው ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ምሳ ላይ ነው።

«እኔ ከፍታ አልፈራም» አሉ አማቱ፤ «በተመቸህ ቀን አንድ ዙር ብቻ ብታዞረኝ ይበቃኛል።»

«እኔ እኮ አላበርም፣ እማማ» አለ እሱ ማንኪያውን አስቀምጦ።

«ዛሬ ማለቴ አይደለም።»

«ነገም አላበርም። እኔ መብራት ነው የምሠራው።»

«የምን መብራት?»

«የአውሮፕላኗን። አምፖል፣ ሽቦ፣ ፊውዝ።»

አማቱ ልጃቸውን ዞር ብለው አዩ። ልጃቸው አንገቷን ደፍታ ሳህኗን መመርመር ጀመረች። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት፤ ደብዳቤውን ገና ስታየው ነገሩ ገብቷት ነበር። ግን ልጁን ወዳዋለች፤ ዝም ማለት ደግሞ ውሸት አይባልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቱ ስለ ሥራው የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ «አየር ኃይል ነው» ይሉና ወሬውን ቶሎ ወደ ዝናቡ ይመልሱታል።

በሥራ ቦታው በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አምፖሉ» ነው የሚሉት። ጭንቅላቱ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ አገጩ ስለሚሾል ነው የሚሉ አሉ። እሱ ግን ስሙ ከሙያው የመጣ ነው ብሎ ድርቅ ይላል።

ወደ አየር ምድቡ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ተዋጊ ጄቶች ስምንት ነበሩ፤ የእሱ ድርሻ ሰባት ቁጥር ናት። በመጡ ሰሞን፣ ከፊቱ ውልብልቢት የሚሽከረከርለት አውሮፕላን ብቻ የለመዱት የቆዩ መካኒኮች አፍንጫዋን ዞረው ዞረው አይተው «መንገድ ላይ የቀረ ዕቃ የለም?» ብለው ጠይቀዋል። የቀረ ዕቃ አልነበረም። ሰባት ቁጥር አየር የምትስበው ከአብራሪው ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት አፎች ነው። የሳበችውን አየር ከአብራሪው ጀርባ ያለው ሞተር ይጨምቀዋል፣ ነዳጅ ረጭቶ ያነደዋል፣ ከዚያ በጭራዋ በኩል ይተፋዋል። እሷ ደግሞ ከተፋችው ነገር እየሸሸች ወደ ፊት ትፈተለካለች። አምፖሉ ይህን ለሚስቱ ያስረዳት ፊኛ ነፍቶ በመልቀቅ ነው። ፊኛው የአማቱን ፎቶግራፍ ከግድግዳ ላይ ጣለው፤ ትምህርቱ ግን ገባት።

ክንፎቿ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ ናቸው። ኋላ የመጡት ጄቶች ክንፋቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው ነው የሚከንፉት፤ እሷ ግን ዘርግታ ነው። በዚህም ምክንያት ከድምፅ ፍጥነት ደጃፍ ላይ ስትደርስ ትንቀጠቀጣለች፣ መሪዋ ይደነድናል፣ አብራሪው ፍጥነት ካልቀነሰላት አትታዘዘውም። በክንፎቿ ጫፍና ጫፍ የተንጠለጠሉት ረዣዥም የነዳጅ ታንኮች ባይኖሩ አየር ላይ የምትቆየው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። መሬት አጠገብ ስትበር ነዳጁን እንደ ውሃ ትጨልጠዋለች፤ ከፍ ስትል ነው መቆጠብ የሚመጣላት። አፍንጫዋ ውስጥ ስድስት መትረየስ ተደርድሯል። ራዳር የላትም፤ ጠላቷን የምታየው በአብራሪው ዓይን ነው።

ደግሞ አንድ ክፉ ዓመል አላት። ሞተሯ ከከባድ እንቅልፍ እንደሚቀሰቀስ ሰው ነው። ኃይል ጨምሪ ስትባል ከአሥር ሰከንድ በላይ ታስባለች። አብራሪው ቸኩሎ እጀታውን ቢገፋባት ወይ እሳቷ ይጠፋል፣ ወይ ጭራዋ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ የሚያርፍ አብራሪ ሐሳቡን ሊለውጥ ከፈለገ ቀደም ብሎ መለወጥ አለበት። የጥገናው ኃላፊ፣ ሁሉም በአጭሩ «አለቃ» የሚሉት፣ ለአዲስ አብራሪዎች «ሚስትህን እንደምትቀሰቅሳት አድርገህ ቀስቅሳት» እያለ ይመክር ነበር። ራሱ ላጤ ነው።

አምፖሉ ሰባት ቁጥርን የወደዳት ግን በፍጥነቷ አይደለም፤ በጸጥታዋ ነው። የድሮዎቹ አውሮፕላኖች ሞተር አብራሪውን ጥርሱ እስኪፋጭ ያንዘፈዝፈው ነበር። እሷ አየር ላይ ስትሆን ግን ውስጧ እርግት ይላል። ጸጥታዋ ከመብዛቱ የተነሳ የመለኪያዎቹ መርፌዎች ባሉበት ይተኛሉ። ከፍታው ተለውጦ መርፌው አይነቃነቅም፤ አብራሪው መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ ሲያደርገው ነው ደንግጦ የሚዘለው። ለዚህ ሲባል ከመለኪያዎቹ ጀርባ በኤሌክትሪክ የምትንቀጠቀጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተገጥማለች። ሥራዋ መርፌዎቹን መነቅነቅ ብቻ ነው። አምፖሉ እሷን በየሳምንቱ እየፈታ ይጠርጋታል። «ዓለም ላይ ሌላ ቦታ» ይላል፣ «መንቀጥቀጥን የሚያጠፋ እንጂ መንቀጥቀጥን የሚጠግን ሰው የለም።»

መትረየሶቹ ሲተኮሱ ደግሞ ጸጥታው ሁሉ ያበቃል፤ አምፖሎች በየተራ ይሞታሉ። እሱም ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቀጭን ቀጭን አድርጎ እየቆረጠ የእያንዳንዱን አምፖል ቂጥ ጠቀለለው። መመሪያው ላይ የለም። ግን ከዚያ ወዲህ የሰባት ቁጥር መብራቶች በተኩስ አይሞቱም፤ የሌሎቹ ይሞታሉ።

እንግዲህ ችግሩ የመጣው ከእንግዶቹ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ፣ አራት ጄቶችም በፊታቸው ሊበሩ ታቀደ። ሰባት ቁጥር ከአራቱ ውስጥ አልነበረችም፤ ሞተሯ ወጥቶ ምርመራ ላይ ነው። የእነዚህ ጄቶች ሞተር ቶሎ ቶሎ ወጥቶ መታየት አለበት፤ አሠራራቸውም ለዚሁ የተመቸ ነው። ጥቂት ብሎኖች ይፈታሉ፣ ጭራዋ ከነመቅዘፊያዋ በጋሪ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሞተሩ እንዳለ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ጀምረው ሻይ ሳይደርስ ይጨርሱታል።

ረቡዕ ዕለት አለቃ ሃንጋሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «እንግዳ ሲመጣ አንዷ ለሁለት ተከፍላ ነው የምትታየው? ጭራዋን መልሱላት» አለ። መለሱላት፤ ብሎኖቹንም ራሱ አሰረ። ሁለቱ አፎቿ በቀይ ሸራ ተሸፈኑ። እንዲህ ሆና ለሚያያት ሙሉ ጄት ናት፤ ውስጧ ግን ባዶ በርሜል ነው።

በዚያው ከሰዓት አምፖሉ ሲጠብቃት የነበረችው የእሳት ማስጠንቀቂያ አምፖል ከመጋዘን ደረሰችለት። ሞተር ክፍሉ ውስጥ እሳት ቢነሳ ለአብራሪው የምትነግረው ቀይ መብራት ናት። የጋሪ ባትሪ አመጣ፣ ላስቲኳን ጠቀለለላት፣ ገጠማት፣ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ቦግ አለች። ደስ አለው። መዝገቡን አወጣ። እያንዳንዷ አውሮፕላን መዝገብ አላት፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም «ሁኔታ» የሚል፣ ስፋቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዓምድ አለ። ሁሉም የሚጽፈው እዚያው ዓምድ ላይ ነው። አለቃ «ሞተር ወጥቷል» ብሎ የጻፈው በአሮጌው ገጽ የመጨረሻ መስመር ላይ ነበር። አምፖሉ ገጹን ገለጠ፤ በአዲሱ ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይም ከቦታው ጥበት የተነሳ አንዲት ቃል ብቻ አሰፈረ፦ «ይበራል»።

ሐሙስ ጠዋት ከአራቱ ጄቶች የአንዷ ጎማ ተነፈሰ። መዝጋቢው፣ የበረራ ክፍሉን ጥቁር ሰሌዳ የሚይዘው ሰው፣ ምትክ እንዲፈልግ ታዘዘና ወደ መዝገቦቹ ሮጠ። የሰባት ቁጥርን የመጨረሻ ገጽ ገለጠ። «ይበራል» ይላል። ተንፈስ አለ። በሰሌዳው ላይ «7 ዝግጁ» ብሎ በጠመኔ ጻፈ።

አምፖሉ በዚያ ሰዓት እንግዶቹን በሚቀበለው ሰልፍ ውስጥ፣ ከሜዳው ማዶ ቆሟል። አለቃ ተነፈሰ የተባለው ጎማ ጋ ነው። ጎታቹን መኪና የሚነዳው ሰው ሰባት ቁጥርን ሲጎትት «ዛሬ እንዴት ቀለለች» ብሎ ተገረመ፤ አፍንጫዋም የወደቀ ሳንቲም እንደሚፈልግ ሰው አጎንብሷል። ግን የሾፌር ሥራ መጎተት ነው፤ ጎተተ።

አብራሪው ቁመቱ ከመርዘሙ የተነሳ «ዘንጉ» የሚባል ሻምበል ነው። ሰባት ቁጥር ቀይ ሸራዎቿ ተነስተው ጠበቀችው፤ ተቀመጠ፣ ታጠቀ፣ የመስታወቱን ጣሪያ ራስ ቁሩ ላይ ዘጋ። እንግዶቹ ሃምሳ እርምጃ ላይ ናቸው። የእሳቱን መብራት ሞከረ፤ ቦግ አለች። ለእንግዶቹ እጁን በክብር አነሳ፤ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ።

ምንም።

ደግሞ ተጫነ። ደግሞ። ሌሎቹ ሦስቱ እያፏጩ ሄዱ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራም ሰው፣ ወደ ጭራዋ ጠጋ ብሎ በቀዳዳዋ አጎነበሰና ለጓደኛው «ወዲያ ማዶ ይታየኛል» አለው። ዘንጉ ይህን ሰምቷል፤ ጣሪያውን ከፍቶ ነበር።

አምፖሉ ሰባት ቁጥርን ያያት ከሰልፉ ውስጥ ሆኖ ነው። የጻፋት ቃል ወዲያው ትዝ አለችው።

ቅጣቱ እስኪወሰን ድረስ ወደ አውሮፕላኖቹ እንዳይጠጋ ታዘዘ። የአየር ምድቡ አዛዥ ሻለቃ ወደ መኪና ጋራዥ የሚያዛውረውን ደብዳቤ አስተይበዋል፤ የቀረው ፊርማ ነው፤ እሱም ለሰኞ ጠዋት ተቀጥሯል። ጋራዥ ማለት የጭነት መኪና የፊት መብራት፣ ጥሩንባና ዝናብ መጥረጊያ ማለት ነው። ሰባት ቁጥር ደግሞ ላስቲክ ጠቅልሎ የማያውቅ ሰው እጅ ትገባለች።

ቅዳሜ ቤት ሲነገር መጀመሪያ የተነፈሱት አማቱ ናቸው።

«በአብራሪ ጀመርን፣ መብራት ሠራተኛ ላይ ወረድን። አሁን ደግሞ ጥሩንባ?»

«እማዬ፣ ተይው» አለች ሚስቱ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ይበራል።»

«መዝጋቢውስ ምን ብሎ አነበበ?»

«ይበራል።»

ሚስቱ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። የተማሪዎቿን ደብተር ገፋ አድርጋ አንድ ወረቀት ሳበች። «ራ ላይ ስትደርስ ረገጥ ካደረግከው መብረር ነው፤ ይጠብቃል እንላለን። ለቀቅ ካደረግከው መብራት ነው፤ ይላላል። ስንናገር እንለየዋለን፣ ስንጽፍ ግን አንድ ነው። ደግሞ የሚገርመው አሉታው አይምታታም። የመብራቱ ‹አይበራም›፣ የአውሮፕላኗ ‹አይበርም›። ሁለቱ አንድ የሚሆኑት እሺ ሲባል ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ይህንኑ ንገራቸው።»

«ሻለቃው ፊት ቆሜ ሰዋስው ላስተምር?»

«ሁለተኛ ክፍል ገብቷቸዋል» አለች። «እሳቸውም ይገባቸዋል።»

አማቱ ከወንበራቸው ላይ ሆነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሁለት ጊዜ ረገጥ፣ ሁለት ጊዜ ለቀቅ አድርገው ሲሞክሯት ሰማቸው። ከዚያ «አጎትህ ግን ይህን እያወቀ ነው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ፦ ሻለቃው፣ አለቃ፣ መዝጋቢው፣ ዘንጉና አምፖሉ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብዕሩም ክዳኑ ተነስቶ አጠገቡ ተኝቷል።

«አንብብ» አሉ ሻለቃው፣ መዝገቡን ወደ መዝጋቢው ገፍተው።

«ይበራል» አለ መዝጋቢው ረገጥ አድርጎ።

«አንተስ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ይበራል» አለ አምፖሉ ለቀቅ አድርጎ።

ሻለቃው መነጽራቸውን አወለቁ። «ያላችሁት አንድ ነገር ነው። ታዲያ ምንድን ነው ክርክሩ?»

«አንድ አይደለም ጌታዬ። የእሱ ይጠብቃል። የእኔ የላላ ነው።»

አለቃ ከጥግ ብድግ አለ። «ምኑ ነው የላላው? ጭራዋን ያሰርኩት እኔ ነኝ። አንድ የላላ ብሎን ካገኛችሁ እኔን ጋራዥ ላኩኝ።»

«ብሎኑን አይደለም፣ አለቃ። ፊደሉን ነው።»

«ፊደል ደግሞ በስንት ቁጥር መፍቻ ነው የሚጠብቀው?»

«ተቀመጥ» አሉት ሻለቃው። ግን እሳቸውም ቃሏን በቀስታ፣ ለራሳቸው፣ ሲሞክሯት ታዩ። አንዴ እንዲያ፣ አንዴ እንዲህ። ለጥቂት ጊዜ የአየር ምድቡ አዛዥ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ሆኑ። «እውነትም» አሉ በመጨረሻ።

«ጌታዬ፣ እኔ ያነበብኩት የተጻፈውን ነው» አለ መዝጋቢው፣ ነገሩ ወደ እሱ እየዞረ መሆኑ ሲገባው።

«እኔም የጻፍኩት ያየሁትን ነው» አለ አምፖሉ። «መብራቷን ሞከርኳት፣ በራች። ስለ አውሮፕላኗ የሚጽፈው አለቃ ነው። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ብትገልጥ እኮ ሞተር ወጥቷል ይላል።»

«ሰሌዳ ላይ የቆመ ሰው ገጽ ለመግለጥ ጊዜ አለው?»

«ባዶ በርሜል ለማሰለፍ ጊዜ አግኝተሃል።»

«በቃችሁ» አሉ ሻለቃው። ብዕሩን አነሱ፤ የአምፖሉ ዓይን ከብዕሩ ጋር ሄደ። «ቃሉ ያሳስታል፣ እሺ። ግን የሚያሳስት ቃል የጻፈውም እጅ አለው። እንግዳ ፊት ተዋርደናል። የተዋረደው ሰው ይናገር። ሻምበል፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ዘንጉ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መስኮቱን ነበር የሚያየው። ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ ቤት በገባ ቁጥር አንዱ ተነስቶ «ወዲያ ማዶ ይታየኛል» ይለዋል። አምፖሉ ነገሩ እንዳለቀለት ገመተ።

«ሐሙስ ዕለት» አለ ዘንጉ በዝግታ፣ «የተቀመጥኩባት አውሮፕላን ሞተር አልነበራትም። ማስነሻዋ አይሠራም፣ ነዳጇ የሚሄድበት የለውም፣ የሙቀት መለኪያዋ የሚለካው የለውም። ከዚያች አውሮፕላን ውስጥ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእሳቷ መብራት። ስነካት ቦግ አለች።» ኮፍያውን አዞረው። «ጌታዬ፣ ከሰዎቻችን ሁሉ ሥራውን ጨርሶ የተገኘውን ነው ጋራዥ የምንልከው?»

ሻለቃው ደብዳቤውን ገለበጡት። በባዶው ጀርባው ላይ ጻፉ፤ ጽፈውም ጮክ ብለው አነበቡ፦ ከዛሬ ጀምሮ አውሮፕላን ሲሆን በሁለት ረ፣ «ይበርራል»፤ የሚጽፈውም የጥገና ኃላፊው ብቻ። መብራት ሲሆን «መብራት ደህና»፤ ዓምዱ ከጠበበ ዓምዱ ይስፋ። «የስምንቱንም መዝገብ ዓምድ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ በማስመሪያ ታሰፉታላችሁ» አሉ ለአምፖሉና ለመዝጋቢው። «ሰባት ቁጥር ባለችበት እጅ ትቆይ።»

አምፖሉ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። በረንዳው ላይ አለቃ ደረሰበት። «ሞተሯ ዛሬ ይገባል» አለው፤ «ሽቦዎቹን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሰዋስው ግን እንዳታስተምረኝ።»

ሐሙስ መጣ። ሰባት ቁጥር ሜዳው ላይ ወጥታለች፣ ቀይ ሸራዎቿ ተነስተዋል፤ አፍንጫዋም ቀና ብሏል። ዘንጉ ራስ ቁሩን በብብቱ ይዞ መጣና መሰላሉ ሥር ቆመ።

«መዝገቡ ምን ይላል?»

«በሁለት ረ ነው ጌታዬ።»

«እሱን አይቻለሁ። ሞተር አለ ወይ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። ሽቦዎቹን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ዘንጉ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ፤ አሰበና መልሶ አወረደው። «እኔ ግን አላየሁም» አለ። «ና አሳየኝ።»

አምፖሉ ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ፣ የጎኗን ትንሽ በር ፈታ፣ ሁለቱም ራስ ለራስ ተጋጭተው ወደ ውስጥ አዩ። ዘንጉ እጁን ሰዶ ሞተሩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው፣ የተገዛ በሬ እንደሚነካ። ከዚያ መሰላሉን ወጥቶ ተቀመጠ፤ አምፖሉም ትንሿን በር መልሶ አሰረ። ሰባት ቁጥር እንደ ዓመሏ ቀስ ብላ፣ እያዛጋች ነቃች፤ ፉጨቷ እየቀጠነ ሄደ። አምፖሉ ጆሮውን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በሩን ያሰረባትን የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቄያታለሁ ወይ ብሎ ከሩቅ በዓይኑ እየፈለጋት ሳለ ሰባት ቁጥር ተንደርድራ ሜዳውን ጨረሰችና ተነሳች።